የመኪናና የትንሽ አውሮፕላን ባትሪ መሙያ ሥርዓት ሲበላሽ፦ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እስከ ጥገናው

በዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የባትሪ ምልክት ሲበራ ብዙ አሽከርካሪ ባትሪው የተበላሸ ይመስለዋል። ምልክቱ ግን ስለ ባትሪው ጤንነት የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገረው ባትሪውን የሚሞላው ሥርዓት ሥራውን ማቆሙን ነው፤ መኪናው ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚሄደው በባትሪው ውስጥ በተጠራቀመው ኃይል ብቻ ነው። በትንሽ አውሮፕላን ላይ የቮልቴጅ ማነስ ማስጠንቀቂያ ሲበራም መልእክቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት «ምን ተበላሸ?» ሳይሆን «ምን ያህል ጊዜ አለኝ? በዚያ ጊዜ ውስጥስ የት መድረስ እችላለሁ?» የሚለው ነው። ይህ መመሪያም በዚያው ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው፤ መጀመሪያ ጉዞውን በደኅና መጨረስ፣ ከዚያ መለካት፣ በመጨረሻ መጠገን።

ሥርዓቱ በሁለቱም ላይ በመሠረቱ አንድ ነው። ሞተሩ በቀበቶ፣ በተለምዶ ቺንጋ በሚባለው፣ ወይም በጥርስ አማካይነት አልተርኔተሩን ያዞራል፤ ጋራዦች ዲናሞ የሚሉት እርሱን ነው። በውስጡ ያለው ሮተር ማግኔት የሚሆነው በሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በኩል ከባትሪው ጥቂት ኃይል ሲደርሰው ነው። ሮተሩ ሲሽከረከር በዙሪያው በተጠመጠመው መዳብ ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ዳዮዶች ይህንን ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል፤ ሬጉሌተሩ ደግሞ ለሮተሩ የሚሄደውን ኃይል እየጨመረና እየቀነሰ ቮልቴጁ ከልክ እንዳያልፍ ይጠብቃል። እንግዲህ ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ዲናሞው ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ማግኔቱን የሚቀሰቅስለት ላያገኝ ይችላል። ብልሽቱም ከአራት ቦታዎች በአንዱ ይገኛል፤ በሚያዞረው ክፍል፣ በሚቀሰቅሰው መስመር፣ በሚያመነጨው አካል፣ ወይም የመነጨውን ኃይል ወደ ባትሪው በሚያደርሰው ሽቦ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሦስተኛውን ብቻ በመጠርጠር ነው።

መንገድ ላይ ምልክቱ ሲበራ

መጀመሪያ ዓይንዎን ወደ ሞተር ሙቀት መለኪያው ያድርጉ። በብዙ መኪኖች ላይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የውኃ ፓምፑንም ያዞራል፤ በአንዳንዶቹም የመሪውን ዘይት ፓምፕ ጭምር። ከባትሪው ምልክት ጋር መሪው ከከበደዎት ወይም የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ መውጣት ከጀመረ ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ የባትሪው ጉዳይ ሁለተኛ ይሆናል፤ ምቹ ቦታ ፈልገው ወዲያው ያቁሙ፣ ሞተሩንም ያጥፉ። ውኃ የማይዞርበት ሞተር በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል፤ የዚያ ጥገና ደግሞ ከዲናሞ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሙቀቱ ደኅና ከሆነ ሞተሩን አያጥፉ። መልሶ ለማስነሳት ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ ለብዙ ኪሎ ሜትር የሚበቃዎትን ኃይል በአንድ ሙከራ ሊጨርሱት ይችላሉ። ቀጥሎ አላስፈላጊ ጭነቶችን አንድ በአንድ ያጥፉ፤ የአየር ማቀዝቀዣውንና ማራገቢያውን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን፣ ቴፑንና የስልክ ቻርጀሩን።

አሁን ጊዜውን ያስሉ። ዘመናዊ የቤንዚን ሞተር ለነዳጅ ፓምፑ፣ ለመርጫዎቹ፣ ለካንዴላዎቹና ለኮምፒውተሩ ከ10 እስከ 15 አምፔር ይፈልጋል። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት መብራቶች ወደ 9 አምፔር ይጨምራሉ፤ የኋላ መብራቶች፣ የዝናብ መጥረጊያና የፍሬን መብራት ሲታከሉ የሌሊት ጉዞ 30 አምፔር ገደማ ሊደርስ ይችላል። ባትሪዎ 60 አምፔር ሰዓት ቢሆንና ቮልቴጁ ሞተሩን ለማሠራት እስኪያንስ ድረስ ግማሹን ብቻ እንደሚያገኙ ቢገምቱ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል፣ በሌሊት ግን አንድ ሰዓት አለዎት ማለት ነው። ባትሪው አሮጌ ከሆነ ይህንንም በግማሽ ይቀንሱት። ነዳጁ በሜካኒካል ፓምፕ የሚረጨው የቆየ ናፍጣ ሞተር ከዚህ የተለየ ነው፤ ነዳጁን የምትከፍተው ሶሌኖይድ ጥቂት ኃይል እስካገኘች ድረስ ለረጅም ሰዓት ይሄዳል።

ስሌቱ ውሳኔ ላይ ካልዋለ ጥቅም የለውም። ምልክቱ ጎሃ ጽዮን ላይ ከበራብዎት ወደ ዓባይ በረሃ አይውረዱ። ቁልቁለቱም ዳገቱም እያንዳንዳቸው ከ1,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ መታጠፊያው ላይ መብራትና ሞተር በአንድነት ከጠፉ የመሪውና የፍሬኑ እገዛ አብሮ ይጠፋል። ጎሃ ጽዮን ማደር ከባድ አይደለም። በሌሊት ኃይል ለመቆጠብ ብሎ የፊት መብራት አጥፍቶ መንዳትም ፈጽሞ አይገባም፤ መብራት የማይችል መኪና መቆም አለበት። መብራቱ ሲደክም፣ የዝናብ መጥረጊያው ሲዘገይ፣ የኤቢኤስና የኤርባግ ምልክቶች ያለምክንያት ሲበሩ የቀረው ደቂቃ ነው፤ ሞተሩ በሕይወት ሳለ ከመንገድ ይውጡ።

መለካት

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው መሣሪያ በርካሽ የሚገዛ መልቲሜትር፣ ማለትም ቮልትና አምፔር የሚለካ ትንሽ መለኪያ፣ ነው። ከመለካት በፊት ግን በጋራዦቻችን ሥር ስለሰደደ አንድ ልማድ ልናገር፤ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው» ማለት። ባትሪው የቮልቴጅን ግፊት የሚያለዝብ አካል ነው፤ በድንገት ሲነቀል ዲናሞው የሚለቀው ግፊት ለአጭር ቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ሬጉሌተሩን፣ ዳዮዶቹንና የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። መኪናዎን ይህንን ለሚያደርግ ባለሙያ አይስጡ።

ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ መልቲሜትሩን በቀጥተኛ ቮልት ላይ አድርገው ቀዩን በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቭ ላይ ያስነኩ። 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ባዶ ወደ መሆን የተጠጋ ነው። ባዶ ባትሪ ይዘው ሌላውን ሁሉ መለካት ስለሚያሳስት መጀመሪያ በቻርጀር ይሙሉት። ከዚያ ረዳትዎ ሞተሩን ሲያስነሳ ንባቡን ይመልከቱ፤ በሚያስነሳበት ቅጽበት ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ ሙሉ የነበረው ባትሪ ደክሟል ወይም መንገዱ ላይ መጥፎ ግንኙነት አለ።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማየት አለብዎት። የፊት መብራትንና ማራገቢያውን አብርተው ሞተሩን ወደ 2,000 ዙር ከፍ ሲያደርጉም ከ13.5 መውረድ የለበትም። ንባቡ 12 ቮልት አካባቢ ከቀረና ቀስ እያለ ከወረደ ዲናሞው አይሞላም። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ ልጓሙን ጥሷል ማለት ነው፤ ባትሪው ይፈላል፣ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ አምፖሎች በተከታታይ ይቃጠላሉ፤ እንዲህ ያለ መኪና ሬጉሌተሩ ሳይቀየር ሊነዳ አይገባም። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ኮምፒውተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ቮልቴጁን ሆን ብሎ ዝቅና ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በአንድ ንባብ አይፍረዱ፤ መብራቶቹን አብርተው ለውጡን ይከታተሉ።

የማይሞላ ዲናሞን ከመፍታትዎ በፊት አራቱን ቦታዎች በቅደም ተከተል ይመርምሩ። ቺንጋው ልል፣ የተሰነጣጠቀ ወይም ዘይት የነካው ከሆነ ጭነት ሲበዛ ይንሸራተታል፤ የሚያፏጭ ድምፁን ጠዋት ጠዋት ሰምተውት ይሆናል። ቀጥሎ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ያብሩ፤ ቀዩ የባትሪ ምልክት መብራት አለበት። በብዙ መኪኖች ላይ ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው ኃይል የሚሄደው በዚያች ትንሽ አምፖል በኩል ስለሆነ፣ ምልክቱ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተቆርጧል፤ ዲናሞው ራሱ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ሞተሩ እየሠራ ምልክቱ ጭል ጭል ካለ ዳዮድ ይጠርጥሩ። ይህንን ለማረጋገጥ መልቲሜትሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልት ቀይረው ባትሪው ላይ ይለኩ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ከዳዮዶቹ አንዱ ሄዷል።

አራተኛው ቦታ ሽቦው ነው፤ በእኔ እምነት ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። አንድ ዘመዴ በአሮጌ የቤት መኪናው ላይ በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ገዝቶ፣ ዲናሞውንም አንድ ጊዜ አስጠቅልሎ መኪናው ጠዋት መነሳት እንቢ አለው። ሞተሩን አስነስቼ ዲናሞው ላይ ስለካ 14.1 ቮልት አገኘሁ፤ ባትሪው ላይ ግን 13.2 ብቻ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በዲናሞው አካል ላይ ሳስነካ የጎደለው 0.9 ቮልት እዚያው ታየ። ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን የተጎነጎነ የማሳ ሽቦ ተከትዬ ወደ ታች ስወርድ፣ ብሎኑ ሥር አረንጓዴ ዱቄት እንደ ሻጋታ ተጋግሮ ነበር፤ ሽቦውን በጣት ሲነኩት ክሮቹ ይረግፋሉ። ሽቦውን ቀይረን፣ ብረቱን እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገን ስናስር ባትሪው ላይ 14.1 ሆነ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሁለቱ ባትሪዎች ጥፋት አልነበረባቸውም።

እርስዎም በዚሁ መንገድ ይለኩ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቶች በርተው፣ ከዲናሞው ዋና መውጫ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ያለው ልዩነት ከ0.3 ቮልት፣ ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ያለው ደግሞ ከ0.2 ቮልት ካለፈ፣ መስመሩ ላይ የዛገ፣ የላላ ወይም የተቃጠለ መጋጠሚያ አለ። በባትሪው ራስ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ለብ ባለ ውኃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ያጥቡት። ሲፈቱ ኔጌቲቩን በመጀመሪያ፣ ሲያስሩ በመጨረሻ ያድርጉ፤ በባትሪው አጠገብ አያጭሱ፣ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነውና።

ሁሉም ልኬት ትክክል ሆኖ ባትሪው በማግሥቱ ባዶ ከሆነ ጥፋቱ ከመሙያው ሥርዓት ውጭ ነው። መልቲሜትሩን በአምፔር ላይ አድርገው በኔጌቲቩ ማሰሪያና በባትሪው መካከል ያስገቡት፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ጠብቀው ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ካዩ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ንባቡ የሚወርድበትን ይፈልጉ።

ዲናሞው ራሱ ከተበላሸ የሚቀየረው ብዙ ጊዜ ካርቦኑ፣ ሬጉሌተሩ፣ ኩሽኔታው ወይም የዳዮዶቹ ሳህን ነው፤ ካርቦኑ ብቻ ያለቀ ዲናሞ መጣል የለበትም። የተጠገነውን ዲናሞ ከባዶ ባትሪ ጋር አያገናኙ። ዲናሞ የተሠራው የተሞላን ባትሪ ለመጠበቅ ነው፤ ባዶ ባትሪ ሙሉ አቅሙን ለረጅም ጊዜ ስለሚጠይቀው አዲሱን በሙቀት ሊያቃጥለው ይችላል።

በትንሽ አውሮፕላን ላይ

ከዚህ በታች ያለው የአውሮፕላኑን የበረራ መመሪያ አይተካም፤ ልዩነት ካለ የሚሠራው መመሪያው ነው። ምሳሌ የማደርገው የበረራ ተማሪዎች በደንብ የሚያውቁትን ሴስና 172 ነው። የቆዩት ሞዴሎች 14 ቮልት፣ የኋለኞቹ 28 ቮልት የሚያመነጭ አልተርኔተር አላቸው።

ትልቁ መልካም ነገር ሞተሩ አይቆምም፤ ብልጭታው የሚመጣው ከባትሪ ሳይሆን ሞተሩ ራሱ ከሚያዞራቸው ሁለት ማግኔቶዎች ነው። የሚጠፉት ሬዲዮው፣ ትራንስፖንደሩ (አውሮፕላኑን በተቆጣጣሪው ራዳር ላይ የሚያሳውቀው መሣሪያ)፣ መብራቶቹ፣ የነዳጅ መለኪያዎቹና በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው ፍላፕ (በዝቅተኛ ፍጥነት ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ናቸው። ስለዚህ በጠራ ቀን ብልሽቱ እምብዛም አያስጨንቅም፤ በሌሊትና በደመና ውስጥ ግን እጅግ አደገኛ ነው።

የቮልቴጅ ማነስ ማስጠንቀቂያው ሲበራ መጀመሪያ ኃይል ወደ ባትሪው መግባቱን ወይም መውጣቱን የሚያሳየውን አሜትር ያንብቡ፤ መርፌው ወደ ኔጌቲቭ ካዘነበለ ባትሪው እየፈሰሰ ነው። በመሬት ላይ በዝቅተኛ ዙር ሲንከባለሉ መብራቱ ቢበራ ሞተሩን ከፍ ሲያደርጉ ይጠፋል፤ ያ ብልሽት አይደለም። በበረራ ላይ ከበራ የሬዲዮዎቹን ዋና ማብሪያ ያጥፉ፤ የአልተርኔተሩ ፊልድ ሰርኪዩት ብሬከር (ሮተሩን በሚቀሰቅሰው መስመር ላይ ያለው፣ ጭነት ሲበዛ ራሱ ወጥቶ የሚያቋርጠው ቁልፍ) መግባቱን ያረጋግጡ፤ የዋናውን ማብሪያ ሁለቱንም ግማሾች፣ የባትሪውንና የአልተርኔተሩን፣ አጥፍተው መልሰው ያብሩ። ይህ ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ ምክንያት ራሱን የዘጋውን መቆጣጠሪያ እንደገና ይከፍተዋል። ማስጠንቀቂያው ከጠፋ ሬዲዮዎቹን መልሰው በረራዎን ይቀጥሉ። እንደገና ከበራ የአልተርኔተሩን ግማሽ አጥፍተው ይተዉት። ሰርኪዩት ብሬከሩ ወጥቶ ካገኙት ከአንድ ጊዜ በላይ አይመልሱት፤ የመቃጠል ሽታ ካለ አንድ ጊዜም አይሞክሩት፤ ደጋግሞ መመለስ እሳት መጋበዝ ነው። አሜትሩ በተቃራኒው እስከ ጥግ ወደ መሙላት ካዘነበለም አልተርኔተሩ መጥፋት አለበት።

አሁን ሰዓቱን ይመልከቱና ይጻፉት። ሬዲዮው ገና እየሠራ ለተቆጣጣሪው ያለውን ችግር፣ የሚያርፉበትን ቦታና ሬዲዮው ሊጠፋ እንደሚችል ይንገሩ፤ ይህ ጥሪ ሊዘገይ አይገባም። ከዚያ አንድ ሬዲዮ ብቻ ትተው የቀረውን ሁሉ ያጥፉ። የትንሽ አውሮፕላን ባትሪ ከመኪናው እጅግ ያነሰ ነው፤ ጭነት ካልተቀነሰ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይበቃኛል ብሎ ማቀድ አይገባም።

ይህ ግማሽ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 1983 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በደረሰው አደጋ ታይቷል። የኤር ኢሊኖይ በረራ ቁጥር 710፣ ከሴስና በጣም የሚበልጥ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ በሌሊት ከስፕሪንግፊልድ ተነስቶ ወደ ካርቦንዴል ሲያመራ የግራው ጄኔሬተር ወዲያው ተበላሸ። ረዳት አብራሪው የተበላሸውን አገለልኩ ብሎ ጤነኛውን የቀኙን አገለለ፤ እርሱም ተመልሶ አልሠራም። ስፕሪንግፊልድ ገና ቅርብ ነበረች፤ ካፒቴኑ ግን ባትሪው ያደርሰኛል ብሎ ወደ ፊት ቀጠለ። ከተነሱ ግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ባትሪው አለቀ፤ አውሮፕላኑ በፒንክኒቪል አጠገብ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 10 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። መርማሪዎቹ ዋና ምክንያት ያሉት ካፒቴኑ ወደ ስፕሪንግፊልድ ከመመለስ ይልቅ ጉዞውን መቀጠሉን ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይያዙ፤ ማብሪያ ከመንካትዎ በፊት የትኛው እንደተበላሸ ሁለቴ ያንብቡ፤ ቅርብ ያለውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳም ወደ ኋላ ነው ብለው አይለፉት።

ሬዲዮው ከጠፋ ትራንስፖንደሩ ኃይል ካለው 7600 ያስገቡ፤ ይህ ቁጥር ሬዲዮ መጥፋቱን ለተቆጣጣሪው ይነግራል። ወደ ሜዳው ሲጠጉ የማማውን የብርሃን ምልክት ይፈልጉ፤ ያልተቋረጠ አረንጓዴ ማረፍ ተፈቅዷል፣ ያልተቋረጠ ቀይ ለሌላ ቅድሚያ ሰጥተው ይዙሩ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ሜዳው አደገኛ ነውና አይረፉ ማለት ነው። ያለ ፍላፕ ለማረፍ ይዘጋጁ፤ ፍጥነትዎ ከፍ ያለ፣ መንደርደሪያውም የረዘመ ይሆናል። በተረፈው ኃይል ፍላፑን እስከ መጨረሻ ካወረዱት ማረፉን ትተው መልሰው መውጣት ቢያስፈልግዎ ላይሰበሰብልዎት ይችላል፤ ጥቂት ማውረድ ወይም ጨርሶ መተው ይሻላል።

ሞተሩ በኮምፒውተር የሚመራ አውሮፕላን ላይ «ማግኔቶ አለ» የሚለው መጽናኛ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመን ስፓየር አንድ ዳይመንድ ዲኤ 42 ባትሪው ደክሞ ስለነበር ሁለቱም የናፍጣ ሞተሮቹ በውጭ ኃይል ተነሱ፤ መመሪያው ግን ሁለተኛው ሞተር በራሱ ባትሪ እንዲነሳ ያዝዝ ነበር። አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተነሳ ጎማው ሲሰበሰብ የሳበው ኃይል ቮልቴጁን ዝቅ አደረገው፤ የሁለቱም ሞተሮች ኮምፒውተሮች ዳግም ጀመሩ፤ ሁለቱም ሞተሮች በአንድነት ቆሙ። ስለዚህ በደከመ ባትሪ አይነሱ፤ በውጭ ኃይል ወይም ፕሮፔለሩን በእጅ በማዞር ተነስቶ በበረራ ላይ ይሞላል ማለት በሴስናም ቢሆን መጥፎ ልማድ ነው። ባትሪው ተፈትቶ ይሞላ፣ አቅሙም ይለካ።

ካረፉ በኋላ ፈቃድ ላለው ቴክኒሻን «አይሞላም» ብቻ ብለው አይስጡ። ማስጠንቀቂያው የበራበትን ሰዓት፣ የሞተሩን ዙር፣ አሜትሩና ቮልትሜትሩ ያሳዩትን ቁጥር፣ በዚያ ቅጽበት በርቶ የነበረውን ዕቃና ዋናው ማብሪያ ሲጠፋና ሲበራ የሆነውን በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ይጻፉ። መብራቱ ሄድ መለስ እያለ ከሆነ ይህንንም ይመዝግቡ፤ ያለቀ ካርቦንና የላላ የፊልድ ሽቦ መሬት ላይ በሙከራ ጊዜ ብዙ ጊዜ ደኅና መስለው ይታያሉና።